ተደውሎ አልተገኘችም

ድሬ ባለው ሆስፒታላችን፣ ሕሙማንን ወደ ሌላ ሆስፒታል የሚልከው ሊያዞን ቢሮ የገባሁት ለብዙ ዓመት በዋርድ ነርስነት ከሠራሁ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀን አለቃዬ አቶ ተሾመ ጠረጴዛ፣ የመስመር ስልክና አንድ ሰፊ መዝገብ አስረከቡኝ። መዝገቡ የካንሰር ሕሙማን የጨረር ሕክምና ወረፋ ነበር። ማሽኑ ያለው ሌላ ከተማ ነው። እዚያ ቦታ ሲለቀቅ ይነግሩናል፤ እኛ ተረኛውን በስልክ ጠርተን፣ ሪፈር ጽፈን እንልካለን።

«ተረኛው ካልተገኘ ቀጣዩን ጥሪ» አሉኝ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስም ካልላክን ቦታውን ለሌላ ሆስፒታል ይሰጡብናል። ያልተገኘው ወደ መጨረሻ ይወርዳል።»

ጥርጣሬ የገባኝ በአራተኛው ወር ነው።

ሀሊማ የምትባል ሴት ከከተማው ወጣ ካለው መልካ ጀብዱ መጣች። ቀፊራ ገበያ ቲማቲምና ሽንኩርት ትሸጥ ነበር፤ የማህፀን በር ካንሰር ከተገኘባት ወዲህ ግን ቤት ውላለች። የድሬ ሰው አንቱታ አያበዛም። መስኮቱን ተደግፋ፣ «አቦ ሲስተር፣ እውነቱን ንገሪኝ» አለችኝ። «ከኔ ጋር በአንድ ቀን የተመዘገበችው የታይዋን ገበያው ነጋዴ ሚስት ጨረሩን ጨርሳ ተመልሳለች። ባሏ ሱቅ አለው። እኔ ማን አለኝ?»

«ተራሽ ሲደርስ ይደወልልሻል» አልኳት። እንደዚያ በሉ ነው የተባልነው።

ስትሄድ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያ ነጋዴ ጥቁር ፌስታል ይዞ አቶ ተሾመ ቢሮ ሲገባ አይቼዋለሁ። በሩም ተዘግቶ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አለቃዬን እከታተል ጀመር። ማን እንደገባ፣ ምን ያህል እንደቆየ፣ ሲወጣ ፊቱ ምን እንደሚመስል በማስታወሻ ደብተሬ እጽፋለሁ። «ደክሞሻል፣ ዛሬ ቀደም ብለሽ ሂጂ» ሲሉኝ ደግሞ፣ እኔን አስወጥተው ምን ሊሠሩ ነው ብዬ ከወንበሬ አልነሳም። ደግነታቸው ራሱ ያስጠረጥረኝ ነበር።

አንድ ጠዋት አላስችል አለኝ። «አቶ ተሾመ፣ ሀሊማን ማን ነው የዘለላት?»

«ደብተርሽን አይቼዋለሁ» አሉ። «እኔን ከምትመዘግቢ ይሄኛውን ብታነቢ ይሻል ነበር።» መዝገቡን ገልጠው ወደ እኔ አዞሩት።

ከሀሊማ ስም ፊት ለፊት በቀይ እስክሪብቶ «ተደውሎ አልተገኘችም» ይላል። የእጅ ጽሑፉ የኔ ነው።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የጻፍኩት ነው። ሀሊማ ስልክ ስለሌላት የጎረቤቷን ባለሱቅ ቁጥር ነበር ያስመዘገበችው። አንዴ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ቀጥዬ የነጋዴውን ሚስት ደወልኩ፤ ወዲያው አነሳች።

ገጾቹን ወደ ኋላ አገላበጥኩ። በቀይ የተጻፈባቸው ሰዎች አድራሻ ገጠር ቀበሌ፣ ገጠር ቀበሌ፣ ገጠር ቀበሌ ነው። የከተማ ሰው እምብዛም የለበትም። አቶ ተሾመ ከጀርባዬ ቆመው አብረውኝ አነበቡ። «ይሄን እኔም ልብ አላልኩትም» አሉ።

በማግስቱ በባጃጅ መልካ ጀብዱ ሄድኩ። ሀሊማ በር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። የደወልኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት።

«አንዴ ብቻ?»

«አንዴ ብቻ።»

«ዛሬ መጣሽ አይደል?» አለች። «ያን ቀን መምጣት አትችዪም ነበር?»

በዚያው ባጃጅ ተመለስኩ።

ከአቶ ተሾመ ጋር ሆነን ለአስተዳደሩ ደብዳቤ ጻፍን። ቦታው ሁለት ቀን እንዲጠበቅ፣ በስልክ ላልተገኘ ሰው የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤቱ ድረስ እንድትሄድ፣ ያልተገኘ ሰው ተራውን እንዳያጣ ጠየቅን። ደብዳቤው ከቢሮ ቢሮ ለወራት ዞሮ ተፈቀደ። ለሀሊማ ከዚያ በፊት ቦታ ተገኝቶላት ነበር፤ ሐኪሞቹ ግን በሽታው ስለተሰራጨ ጨረሩ ሕመሟን ከማስታገስ እንደማያልፍ ነገሯት። ዓመቱ ሳያልቅ አረፈች። ለቅሶ ስደርስ እህቷ ተቀበለችኝ። ማን እንደሆንኩ አላወቀችም፤ እኔም አልነገርኳትም።

ፌስታሉ ውስጥ ምን እንደነበር አቶ ተሾመን ጠይቄያቸው አላውቅም። ዛሬም አላውቅም።

በዚያ ወንበር ለምትቀመጡ ይህን እላለሁ፦ ቦታ ሲለቀቅ መጀመሪያ ስልክ የሌለውን ሰው ፈልጉ። ስልክ ያለው አይጠፋም።