ለንፋስ የተፏጨ ዜማ

በረዶው የፖርት ሌዝሊን ጣሪያዎች መጫን ሲጀምር፣ ቬስታ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ለማታውቃቸው ሰዎች ትጽፋለች። በበጋ በትልልቆቹ መርከቦች የሚመጡ፣ ግን መርከቡ ባዘጋጀው ጉብኝት እንደ በግ መነዳት የማይወዱ፣ በገዛ እግራቸው መዞር የሚሹ መንገደኞች ናቸው። ወደባችን ለትልቅ መርከብ አይበቃም። መርከቡ መሐል ባሕር ላይ መልሕቁን ጥሎ ይቆምና ሰዉን በትንንሽ አመላላሽ ጀልባዎች ወደ ምድር ያወርዳል። ለብቻው የሚወርድ ሰው ታዲያ አስቀድሞ ካላሰበበት ቀኑ ወረፋ ላይ ያልቅበታል።

«ቁርስ ሳይበሉ የወረፋ ቁጥር ይያዙ» ትላለች ቬስታ በደብዳቤዋ። «ጉብኝት የገዙት ቀድመው ነው የሚወርዱት፤ እርስዎ ከዘገዩ እስከ እኩለ ቀን በመስኮት ሲያዩን ይውላሉ። የመርከቡ ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ መረብ ማከማቻው ላይ የተሰቀለውን የእኛን ሰዓት ይመኑ። ለመመለስ ደግሞ የመጨረሻውን ጀልባ አይጠብቁ፣ ከእሱ በፊት ባለው ይሂዱ።»

ባሏ ኦርቪል ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ሁሉ ወረቀት እንደ ዝናብ ነበር የሚያየው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው። «ኤልሲ» በምትባል፣ በእናቱ ስም በተጠራች ጀልባው ሳልመን የሚባለውን ዓሣ ሲያጠምድ ጸጉሩ ነጥቷል፣ ጣቶቹ እንደ ገመድ ቋጠሮ አብጠዋል። እሱ ከቁራ ወገን ነው፣ እሷ ከንስር ወገን። አንዱ ወገን ከሌላው እንዲያገባ በሚያዘው በአገሩ ሕግ ተጋብተው ሠላሳ አራት ዓመት ኖረዋል። ንግግሩ ጥቂት ነው። ቤት ሲገባ «ደረቁ ካልሲ የት ነው?» ይላል፤ ሲወጣ «ንፋሱ ወደ ደቡብ ዞሯል» ይላል። ፍቅሩንም በጭስ እንደደረቀ ሳልመን ጣሪያ ሥር ሰቅሎ፣ አይበላሽም ብሎ የተወ ሰው ነበር።

ሰማያዊዎቹ ፖስታዎች መምጣት ሲጀምሩ ግን ነገር ተለወጠ።

ዌንዴል ክራንዝ ይባላል የሚልካቸው። አይዋ ከሚባለው የበቆሎ አገር ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው፣ ሚስቱ የሞተችበት። ሦስት የበረዶ ወራት ጻፈ። ፖስታው ሲመጣ ቬስታ እጇን በመቀነቷ ትጠርጋለች፤ ለሌሎቹ አትጠርግም። ኦርቪል ይህን አየ። ስታነብ ትስቃለች፤ ድምፅ አውጥታ ሳይሆን በአፍንጫዋ፣ በልጅነቷ እንደምትስቀው። ይህንንም አየ።

«ምን አለ?» አላት አንድ ቀን፣ መንጠቆ የሚስል መስሎ።

«ስለ ድንጋይ ጠየቀኝ።»

«ድንጋይ በአይዋ ጠፋ እንዴ?»

«ኧረ ተወኝ ኦርቪል! አሥራ አራት ጥያቄ ነው የጻፈው። ቁጭ ብዬ ላስብበት።»

አሥራ አራት ጥያቄ! ኦርቪል መንጠቆውን ስሎ ስሎ ጣቱን ቀደደ። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ እሱ ራሱ ስንት ጥያቄ እንደጠየቃት ሊያስታውስ ሞከረና ካልሲው ብቻ መጣለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅናት እንደ ነቀዝ ገባበት፤ እንጨቱ ከውጭ ደህና ነው፣ ውስጡን ግን ዱቄት ያደርገዋል።

ሐምሌ ላይ ሰውዬው በመርከብ እንደሚመጣ ተነገረ። ቬስታ ቀኑን እንደ ሙሽራ ልብስ ስትሰፋው ሰነበተች። ባሕሩ ከዳርቻው ርቆ የሚሸሸው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። በሦስት ሰዓት ከጀልባ ማረፊያው ይነሣሉ፣ ጅረቱን በተጋደመው እንጨት ላይ ያቋርጣሉ፣ ባሕሩ ሸሽቶ ሳለ አፍንጫ የመሰለውን ቋጥኝ ዞረው ከወዲያ ማዶው ዳርቻ ይደርሳሉ። ውሃው ሳይመለስ እነሱ ይመለሳሉ።

«አንቺ ራስሽ ትወስጂዋለሽ?» አለ ኦርቪል። «ለሌሎቹ ካርታ ስለሽ አይደል የምትሰጪው?»

«እሱ ብቻውን ቢሄድ ሰዓቱን ያሳልፋል። ድንጋዩን ሰምቶ መነሣት አይሆንለትም።»

ድንጋይ ይሰማል እንዴ? ኦርቪል ይህን አልጠየቀም። ጥርሱን ነክሶ ወጣ።

መርከቡ በመጣበት ማለዳ ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ነበር፤ ሞገድ የለ፣ ሽውታ የለ። ነጩ መርከብ ከነመስኮቶቹ ውሃው ውስጥ ተገልብጦ ይታያል። ንፋስ ቢነሣ ካፒቴኑ አመላላሾቹን አያወርድም ነበር፤ እንዲህ ባለ ቀን ግን ሕፃንም በገንዳ ይሻገራል። ኦርቪል ወደ «ኤልሲ» ወርዶ ከጀልባዋ ወለል ላይ ቆመ። ግራና ቀኝ አየ። ከዚያም በአርባ ዓመት የባሕር ሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ጀልባ ላይ አፏጨ።

የእኛ አጥማጅ ጀልባ ላይ አያፏጭም። ፉጨት የንፋስ ስም ነው፤ ስሙን የሰማ ይመጣል። ኦርቪል ጀልባዋን የገዛ ዕለት ፉጨትን በባሕርም በምድርም እርግፍ አድርጎ ተወ። ከዚያ በፊት የሚያውቀው ዜማ አንድ ብቻ ነበር፤ በወጣትነቱ የቬስታ አባት ቤት ጥግ ቆሞ የሚያፏጨው። ግጥሙንም ራሱ ነበር የገጠመው፦

በር አላንኳኳም እኔ፣ አባትሽ ይነቃል፣
መስኮትሽን ክፈቺው፣ ፉጨቴ ይበቃል።

ሌላ ዜማ ስለማያውቅ ንፋሱንም በዚያው ጠራው። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ዜማው በጸጥታው ላይ ተንሳፍፎ ወደቡን አዳረሰ።

«አንተ!» የሚል ድምፅ ከማረፊያው ላይ መጣ። አክስቱ ፍሎራ ናቸው፣ የአባቱ እህት፣ የሰማንያ ዓመት ሴት። በእኛ ዘንድ የአባት ወገን ማሾፍ መብቱ ነው፤ ፍሎራም መብታቸውን አሳድረው አያውቁም። «እናትህ ጀልባ ላይ እንዳታፏጭ አልነገረችህም? ወይስ በስሟ ጀልባ ሰይመህ ምክሯን ወረወርከው?»

«ለራሴ ነው አክስቴ።»

«ለራሱ! ባለ ሰማያዊ ፖስታው እየመጣ ነው አሉ። ንፋስ ልትልክበት ነው?» ሳቃቸው እንደ ቁራ ጮኸ። ወዲያው ግን ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ። «ስማኝ ልጄ። ንፋስ ሲጠሩት ይመጣል። ግን በቀጠሩት ሰዓት አይመጣም። እሱ የመርከቡም ሰዓት የለው፣ የእኛም ሰዓት የለው።»

ንፋሱ አልመጣም። የመጣው ዌንዴል ነው። በሁለተኛው ዙር ጀልባ፣ ልክ ቬስታ በጻፈችለት ሰዓት፣ ብርቱካንማ ኮፍያ አድርጎ ወረደ። ረጅምና ጎባጣ ነበር፣ እንደ ሽመላ። ቬስታን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ። ኦርቪል በገዛ ራሱ ላይ ያለውን ኮፍያ አስታወሰ፤ ለእሷ አውልቆት ያውቃል? ለቀብር ብቻ።

ጎን ለጎን ሆነው ሄዱ። ኦርቪል ከጀልባው የርቀት መነጽሩን አነሣ፤ ዓሣ ነባሪ ለመፈለግ ነው ብሎ ለራሱ ዋሸ። ጅረቱ ጋ ሲደርሱ ቬስታ እጇን ዘረጋች፣ ሰውዬው ይዞት ተሻገረ። ሦስት እርምጃ ነው። ግን በመነጽር ውስጥ የሰው እጅ በጣም ይቀርባል።  ከዚያም ቋጥኙን ዞረው ጠፉ፤ ባሕሩም ሰማዩም ዝም እንዳሉ ዋሉ።

ንፋሱ የደረሰው እነሱ ከዳርቻው ከተመለሱ በኋላ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው።

ከደቡብ ምሥራቅ መጣ፤ መጀመሪያ ውሃውን አጠቆረው፣ ከዚያ ጥርስ አበቀለለት። አንዱ አመላላሽ ማረፊያውን ሁለት ጊዜ ገጭቶ ባዶውን ተመለሰ። መርከቡ በድምፅ ማጉያ «ማመላለሱ ቆሟል» አለ። ስድሳ የሚሆን ሰው ምድር ላይ ቀረ፤ የአገሬው ሰው ወደ አዳራሹና ወደየቤቱ ያስገባቸው ጀመር። ኦርቪል «ኤልሲ»ን በእጥፍ ገመድ እያሰረ ሳለ ነገሩ ገባውና ወገቡን ይዞ ቀረ። ሰውዬው እንዳይወርድ የጠራው ንፋስ፣ ሰውዬው እንዳይሄድ ዘጋበት።

ቤቱ ሲደርስ ዌንዴል ቀዩ በር ላይ ቆሟል፤ ከኮፍያው ውሃ ይንጠባጠባል፣ በእጁ የረጠበች ወረቀት ይዟል። ቬስታ አንዲት አሮጊት መንገደኛ ወደ አዳራሹ እየደገፈች ስለሆነ ቀድሞ እንዲሄድ ነግራዋለች።

«ሚስተር ኦርቪል እርስዎ ነዎት?» አለ።

«ማን አለዎት?»

«እዚህ ተጽፏል።» ወረቀቱን ሰጠው። የቬስታ እጅ ጽሑፍ ነው፣ የመጨረሻው መስመር። «ንፋስ ተነሥቶ ጀልባዎቹ ቢቆሙ ቀይ በር ያለው ቤት ይሂዱ። ባለቤቴ ይነጫነጫል፣ ግን ያስገባዎታል። ንፋሱ መቼ እንደሚያርፍ መርከቡን አይጠይቁ፤ እሱን ይጠይቁ።»

ኦርቪል ሁለት ጊዜ አነበበው። «አልነጫነጭም» አለና እየተነጫነጨ በሩን ከፈተ።

ቬስታ ስትደርስ ሃሊበት የሚባለውን ዓሣ ሾርባ አሞቀች። ከዚያ ዓይኗን ሳታሽ የኦርቪልን ግራጫ ሹራብ፣ ራሷ የሠራችለትን፣ ከሳጥን አውጥታ ለእንግዳው አለበሰችው። ኦርቪል ማንኪያውን ያዘ እንጂ አልጎረሰም። ሹራቡ ለሰውዬው ክንድ አጠረው፤ ይህች ብቻ አጽናናችው።

«ድንጋዮቹ ዘመሩ» አለ ዌንዴል፣ ለኦርቪል፣ ምስጢር እንደሚያካፍል ሰው። «እናቴ በልጅነቷ አንድ በጋ እዚህ ዓሣ ማሸጊያው ውስጥ ሠርታ ነበር። ሞገዱ ሲመለስ ክብ ክቦቹ ድንጋዮች እርስ በርስ እየተንከባለሉ ይዘምራሉ ትለኝ ነበር። እስክትሞት ተረት ይመስለኝ ነበር። ሚስትዎ ቦታውን አገኙልኝ።» ዓይኑ ሞላ። «እርስዎ መቼም በየቀኑ ነው የሚሰሙት።»

ኦርቪል በጀልባ በዚያ ዳርቻ ፊት አርባ ዓመት አልፏል።

«እሱ አልሰማም» አለች ቬስታ፣ ዳቦ እየቆረሰች። «ሞተሩን አጥፍቶ አያውቅም።»

ኦርቪል ማንኪያውን አስቀመጠ። የቀናው እጅ ስለተያያዙ መስሎት ነበር። አሁን ግን ከዚያ የባሰ መጣ፤ ይህ ሽመላ በአንድ ጠዋት የሰማውን እሱ በዕድሜ ልኩ አልሰማም።

«ለመሆኑ ንፋሱ መቼ ያርፋል?» አለ እንግዳው።

ኦርቪል ወደ መስኮቱ ሄደ። ማወቁንስ ያውቀዋል። «አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አንድ ሰዓት ያህል ይተኛል፣ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ይብሳል። በዚያች አንድ ሰዓት ካልሄዱ ነገም አይሄዱም።» ይህን ሲል የሚስቱን ፊት ነበር የሚያየው፤ ቅር ይላት እንደሆነ ሊያይ። ቬስታ ተነሥታ የሰውዬውን ጫማ ከምድጃው ሥር አወጣች። «በሉ እንግዲህ፣ እሱ ካለ አለ ነው» አለች፣ ፀሐይ ወጣች እንደማለት ያህል።

ኦርቪል በሬዲዮ ለመርከቡ ተናገረ፤ ካፒቴኑም አመነው። በተባለው ሰዓት ባሕሩ ትንፋሹን ዋጠ፣ አራት ጀልባ መጣ፣ ስድሳው ሰው ሁሉ ተሳፈረ። ኦርቪል ራሱ የሰውዬውን ክንድ ይዞ ወደ ጀልባው አሻገረው፤ አጥብቆ ነበር የያዘው። ጀልባዋ ከራቀች በኋላ ነው ያየው።

«ሹራቤን ለብሶ ሄደ!»

«በፖስታ ይልከዋል» አለች ቬስታ።

«ከደብዳቤ ጋር ነዋ!»

በአፍንጫዋ ሳቀች። ዳገቱን ሲወጡ ግን ሳቋ ቀረ። ሰማዩ በበጋችን እንደሚሆነው ገና ብሩህ ነበር፤ ፊቷ ጥርት ብሎ ይታያል። «ጠዋት ሰማሁህ» አለች። «ማረፊያው ላይ ቆሜ። እጄ ላይ ያለው የመንገዱ ዝርዝር ወደቀብኝ። ለእኔ ነው ብዬ ነበር።»

ኦርቪል እርምጃውን ገታ።

«አክስትህ ነገሩኝ ለማን እንደሆነ። ሠላሳ አራት ዓመት ለእኔ የነፈግኸውን ዜማ ለንፋስ ሰጠኸው! እኔ በማን እንደምቀና ታውቃለህ? በዚያች ጀልባህ ነው። እሷን ካገባህ ወዲህ አላፏጨህልኝም።»

እስከ በሩ ድረስ ሄዱ። እዚያ ሲደርሱ ኦርቪል ኮፍያውን አወለቀ። በእጁ ይዞት ምን እንደሚያደርግበት አላወቀም። «ወደ ድንጋዮቹ ውሰጂኝ» አለ።

«እንደ ሰው ሁሉ ጻፍልኝ። ደብዳቤ ላልጻፈ ሰው መንገድ አላቅድም።»

ያቺ ሴት ስትቀልድ አይደለም። ስለዚህ ኦርቪል ከገበታው ተቀምጦ እርሳስ ያዘ፤ በአሮጌ የባሕር ሙላትና ሽሽት ሰዓት ሠንጠረዥ ጀርባ ላይ «ባሕሩ የሚሸሸው በስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ጻፈ። ይህንንማ ከእሷ ይልቅ እሱ ያውቀዋል፤ ሰረዘው። ውጭ ንፋሱ ተመልሶ መስኮቱን ያንኳኳ ጀመር። ብዙ አሰበ። ከዚያ በተጣመመ እጁ አንድ ብቻ ጻፈ፦ «ንፋስ ከተነሣብኝ ወዴት ልጠጋ?»

ቬስታ አነበበችው። እጇን በመቀነቷ ጠረገች፣ እርሳሱን ከእጁ ተቀበለችና ከሥር መለሰችለት፦

«ቀይ በር ያለው ቤት ና። ሚስትየዋ ቀናተኛ ናት፣ ግን ታስገባሃለች።»