ሻኛው ላይ ያረፈችው ሰንጢ

ሰንጢዋ የመጣችልኝ ባሌን ስጠብቅ ነው።

የሕማማት ማክሰኞ ነበር። ባሌ የመንገድ ሥራ ግሬደር ነጂ ነበር፤ ያን ዓመት ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ካምፕ ውስጥ ነበር የሚያድረው። ለፋሲካ እመጣለሁ ብሎ ልኮልኝ ስለነበር ጠላዬን ጠምቄ፣ አንሶላውን አጥቤ፣ በር በሩን እያየሁ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ አንድ የጭነት መኪና ደጃችን ቆመና ሾፌሩ ብቻውን ወረደ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ከኪሱ አውጥቶ፣ እኔ እጄን ዘርግቼለት ሳለ፣ ደፉ ላይ አስቀመጠው።

«ስለት ከእጅ ወደ እጅ አይቀባበሉትም፤ ያጣላል» አለኝ።

«እሱስ የት አለ?»

«ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት አልለቀቁትም። ከበዓሉ በኋላ ይመጣል። ይቺን ስጥልኝ ብሏል።»

ሰው ስጠብቅ ብረት መጣልኝ። ሾፌሩን ጠላ እንኳ ሳላቀምሰው ሸኘሁት፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ እሱ ምን አጠፋ። ገብቼ ጋዜጣውን ስፈታው ሰንጢ ናት።

ያን ጊዜ አዋሳ፣ ያኔ ከተማችንን የምንጠራት እንዲያ ነበር፣ ሰንጢ የዱርዬ ዕቃ ነበረች። መናኸሪያ ግድግዳ ተደግፎ እየከፈተ እየዘጋ ሴት የሚያስደነግጥ ጎረምሳ ነው የሚይዛት። ባለትዳር ሴት ሰንጢ ምን ታደርግላታለች? ቢላዋ ማድ ቤት አለኝ። ባሌ ፀሐይ መታው ወይ ብዬ አሰብኩ።

መልኳም አላማረኝም። እጀታዋ ጥቁር ነው፤ ቀንድ ይሁን ፕላስቲክ ዛሬም አልለየሁትም። በሁለት ጎኗ ቢጫ ምስማሮች ተመተውባታል። ስትታጠፍ ከመሃል ጣቴ አትረዝምም፣ መዳፌ ላይ ስትቀመጥ ግን እንደ ትልቅ ቁልፍ ትከብዳለች። አፍንጫዬ ላይ አስጠጋኋት። የማሽን ዘይት ሸተተችኝ። ያ ሽታ ባሌ ቅዳሜ ቅዳሜ ይዞት የሚገባው ሽታ ነው፤ ብዙ ንዴቴን የወሰደው እሱ ነው።

ስለቷ ላይ ጥፍር የሚገባባት ቀጭን ጭረት አለች። ስፕሪንጓ አዲስና ግትር ስለነበር የአውራ ጣቴን ጥፍር ሰበረችው። ሰደብኳትና ደግሜ ሞከርኩ። ቀጭ ብላ ተከፈተች። ዘጋኋት። እንደገና ከፈትኳት። እንዲህ ስል ሽሮዬ አረረ።

ረቡዕ ዕለት መቀነቴ ውስጥ ሸጉጫት ወጣሁ። ከቀበሌው ሱቅ ለሁለት ቤት አንድ ድፍን ሳሙና ነበር የሚሰጠን፤ ሻጩ በክር ሲቆርጠው ሁልጊዜ አንዱ ወገን ይወፍራል። እኔና ጎረቤቴ ውጭ ወጥተን በሰንጢዋ እኩል ከፈልነው፤ አንድም ፍርፋሪ አልወደቀም። የዱቄት ከረጢት አፍ ስፌቱን ሳትቀድ ፈታችልኝ። ሐሙስ ዕለት የሰፈራችን ዘበኛ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ የግራር እሾህ ተረከዛቸው ውስጥ ተሰብሮባቸው ሲያነክሱ አገኘኋቸው። ጫፏን እሳት ላይ ይዤ፣ እግራቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ እሾሁን አወጣሁላቸው።

«ይቺ ሐኪም ናት» አሉኝ፤ ሰንጢዋን ተቀብለው ገለባበጧት፤ ምስማሮቿን በጣታቸው ዳሰሱ። እሳቸው እንኳ ከእጄ ተቀበሏት፤ ስለ ጠቡ አላስታወስኳቸውም።

በሦስት ቀን ውስጥ ሰንጢዬን የማያውቅ ሰው በሰፈሩ አልነበረም። ለምን ይዋሻል፣ እኔም እያወጣሁ አሳይ ነበር።

አሁን ወደ ቅርጫው ልምጣ። እኛ ሰፈር ስምንት ቤት ሆነን ለበዓል አንድ በሬ እንገዛ ነበር። መዋጮው እኩል ነው፤ ሥጋውም በስምንት መደብ ይከፈልና በዕጣ ይወሰዳል። ወጉ ይህ ሆኖ ሳለ፣ ዕጣ የሚጣለው ቦታው ላይ ለቆመ ወንድ ብቻ ነበር። ወንድ ያልቆመላት ቤት የተረፈውን መደብ ይላክላታል። በገና ባሌ አልነበረም፤ ከጎናችን ያለችው ልብስ ሰፊም ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። የደረሰን አጥንትና ጨጓራ ነበር። እኔ ጮህኩ። እሷ ግን የምትጮህ ሴት አልነበረችም። ቅጠሉን ገልጣ አየችና ሦስቱን ልጆቿን አየች፤ ከዚያ ለእኔ ብቻ «ፋሲካም እንዲህ ከሆነ እወጣለሁ፤ ዓመቱን ሙሉ እያዋጣሁ ልጆቼን አጥንት አላስግጥም» አለችኝ። እሷ ከወጣች ሌላ ቅርጫ የሚያስገባት አልነበረም። ፋሲካ እንዲህ አይሆንም ብዬ፣ እንዳትወጣ ቃል የገባሁላት እኔ ነኝ።

የፋሲካ ማለዳ እጇን ይዤ ከስድስቱ ወንዶች መሃል አቆምኳት። በሬው ተባርኮ፣ ተገፎ፣ ሥጋው በእንሰት ቅጠል ላይ በየመደቡ እየተቀመጠ ነበር። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ሥጋ የሚጠብቁ ትልልቅ ወፎች፣ ከሐይቁ በኩል መጥተው ጣሪያው ላይ እንደ ባለመደብ ተሰልፈዋል። ቅርጫውን የሚመሩት ጡረታ የወጡ አስር አለቃ ነበሩ።

«ምን ፈልገሽ ነው የግሬደሩ ሚስት?» አሉኝ።

«መደቤን ላይ መጥቼ ነው አስር አለቃ።»

«ሲያልቅ እንልክልሽ የለም?»

«በገና የላካችሁልኝን ውሻም አልጨረሰው።»

ከወንዶቹ አንዱ፣ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የነበረ ቀጭን ሰው፣ ልብስ ሰፊዋን በአገጩ አመለከታት። እሷ ፕሮቴስታንት ናት፤ ሁዳዴን አትጾምም። «ጾሙን ሙሉ እንቁላል ስትጠብስ እየሸተተን ከርመን፣ ዛሬ ደግሞ አብራን ልትፈስክ ነው?» አለ።

«እኔ ባልጾምም ብሬ ከእናንተ ብር ጋር ሲጾም ከርሟል» አለችው በቀስታ።

አስር አለቃው ሳቁ፤ ያን ጊዜ መንገዱ ተከፈተልን። እየዞርኩ መደቦቹን አየሁ። ሁለቱ፣ ጥግ ላይ ያሉት፣ ከሌሎቹ ያነሱ ነበሩ። የማን እንደሆኑ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ተቀመጥኩና መቀነቴን ፈታሁ።

«ሴት ቅርጫ ላይ ቢላ ታነሳለች?» አለ ጸሐፊው።

«እረጂ ብባል አላርድም። የጎደለውን መሙላት ግን ለወንድ ብቻ ነው ያለ የለም። ቀበሌ ስብሰባ ላይ ሴትና ወንድ እኩል ነው ስትሉ አጨብጭቤላችኋለሁ፤ አሁን ደግሞ እናንተ አጨብጭቡልኝ።»

«በዚህች ጥፍር መቁረጫ?» አለ፤ ሁሉም ሳቁ። እኔም ሰንጢዋን ቀጭ አደረግኳት።

እውነቱን ለመናገር እኔም ሥጋ ላይ ትችላለች ብዬ አልጠበቅኩም። ግን የእነሱ ትልልቅ ቢላዎች ሙዳ ሙዳውን ነው የሚያነሱት፤ ከአንዱ መደብ ጥቂት ቀንሶ ለሌላው ለመጨመር ይጎለድፋሉ። የእኔዋ ከጎድኑ ስስ ሥጋ እየላጠች፣ ከሽንጡ ጣት የምታህል እየወሰደች፣ ጅማቱን እየለቀቀች ሄደች። እጀታዋ በደም ረጥቦም ከእጄ አላመለጠችም። ከዚህ አንስቼ እዚያ፣ ከዚያ አንስቼ እዚህ ሳደርግ ፀሐይዋ ከፍ አለች። በኋላ ጸሐፊው ራሱ «እስኪ ለዚህች ስብ አውሺኝ» ብሎ ጠየቀኝ፤ መሬት አስቀመጥኩለትና አነሳት፤ ሲጨርስም መሬት ላይ መለሰልኝ።

ያልተከፈለው ሻኛው ብቻ ነበር። ያ በሬ ሻኛው ትንሽ ነበር፤ በስምንት ቢከፈል ለአፍ አይደርስም። ስለዚህ እንደ ልማዱ ሙሉውን አንዱ መደብ ላይ ተደረገ፤ ከዚያ መደብ ላይ ሌላ ሥጋ ቀነስን፤ የደረሰው ይብላው ተባለ። ሁላችንም ግን ዓይናችን እዚያው ነበር።

«ዕጣችሁን አምጡ» አሉ አስር አለቃው። ባርኔጣቸውን ገለበጡ፤ እያንዳንዱ ባለመደብ አንድ ነገር ጣለበት። አንዱ ቆርኪ፣ አንዱ የክብሪት እንጨት፣ አንዱ ጠጠር። ልብስ ሰፊዋ ተራ ነጭ አዝራር ጣለች። እኔ እጄ ላይ የነበረችውን ጠረግ አድርጌ አጥፌ ጣልኳት። ሰንጢዬን።

ዕጣውን የሚጥለው መደብ የሌለው ሰው መሆን አለበት፤ ዘበኛው ከበሩ ተጠሩ። የትኛው ዕቃ የማን እንደሆነ ሳያውቁ አንድ አንዱን እያነሱ መደቦቹ ላይ ማስቀመጥ ነው ሥራቸው። ቆርኪውን አስቀመጡ። አዝራሩን አስቀመጡ። ከዚያ እጃቸው ባርኔጣው ውስጥ ቆየ። ሰንጢዋን ይዘው ወጡና፣ ሁለት መደብ ዘለው ሄደው፣ ሻኛው ላይ ቀስ አድርገው አስተኟት።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«አየሃት?» አለ ጸሐፊው ለጎኑ ሰው፣ እኔ እንድሰማ አድርጎ። «ጠዋቱን ሁሉ እኩል እኩል ስትል የነበረው ለሻኛው ነዋ።»

ልመልስለት አፌን ስከፍት የልብስ ሰፊዋን ፊት አየሁ። አልተቆጣችም። የገና ዕለት ቅጠሉን ገልጣ ያየችውን አስተያየት ነው ያየችኝ። የሆነው ያኔ ገባኝ። ሆን ብዬ አላደረግኩትም። ግን ሳምንቱን ሙሉ ሰንጢዬን ለሰፈር ሳሳይ ከርሜ፣ ከዘበኛው ተረከዝ እሾህ ያወጣሁባትን፣ እሳቸውም ምስማሮቿን የዳሰሱላትን ዕቃ፣ ማን እንደጣላት አይታወቅም ልል ነው? እንዲህ ያለ ዕጣ ሌላ ሰው ቢጥል ኖሮ ባርኔጣውን እደፋው ነበር።

ተነስቼ ሰንጢዋን ከሻኛው ላይ አነሳኋት።

«የወደቀ ዕጣ አይነሳም» አሉ አስር አለቃው።

«ይሄ ይነሳል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ዕቃ ለዕጣ መስጠት አልነበረብኝም። ይደገም።»

ዘበኛው አንገታቸውን ደፍተው ተረከዛቸውን ያያሉ። አንዱ ሰው ሌላ ዕጣ ጣይ ይጠራ ሲል እኔ እምቢ አልኩ። «እሳቸው ምን አደረጉ? የተሰጣቸውን ነው ያስቀመጡት። እሳቸው ይጣሉ።» ደጅ እንዲቆዩ አደረግንና ሁላችንም ከግቢው አፈር ላይ አዲስ ነገር ለቀምን። እኔ የደረቀ የኮክ ፍሬ አነሳሁ።

ሻኛው ለጸሐፊው ወጣ።

አናደደኝ፤ አልዋሽም። እሱ ደግሞ ሻኛውን በሁለት እጁ አንስቶ «የግሬደሩ ሚስት፣ ዕጣው ይደገም እንዴ?» አለኝ። ግቢው በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ። የእኔ የኮክ ፍሬ በር አጠገብ ያለው መደብ ላይ ነበረች። ያ መደብ ትንሽ በልጧል ብዬ እኔው ራሴ የላጥኩት ነው፤ አሁን ስቀርበው ከሁሉ ያነሰ መሰለኝ። በቅጠሉ ጠቀለልኩት። እኩል ነው ያልኩት እኔ ነኛ።

ልብስ ሰፊዋ መደቧ ላይ ያለውን ሽንጥ አየች፣ በእጇ መዘነችው። ቅጠሏን አጠቃልላ ስትወጣ አስር አለቃው አጠገብ ቆመች።

«ለእንቁጣጣሽም ቁጠሩኝ» አለች።

ሲበተን ዘበኛው በሩ ላይ ጠበቁኝ። «ልጄ፣ እኔ እኮ የእግሬን ውለታ አስቤ ነው» አሉኝ።

«አውቃለሁ አባባ። እሾሁን ያወጣሁልዎት ግን ለሻኛ ብዬ አይደለም። ዳግመኛ እንዳያደርጉብኝ።»

«ተቆጣሽኝ?»

«ተቆጥቻለሁ። ይቀመጡ።»

ከመደቤ ጥሩውን ቆርጬ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን፣ በሚጥሚጣ ጥሬውን በላን። ሰንጢዋን እሳቸው ያዟት፤ ለእኔም እየቆረጡ ያጎርሱኝ ነበር። ጥርሳቸው ደካማ ስለነበር ለራሳቸው ስስ ስስ አድርገው ነው የሚቆርጡት።

ባሌ ከበዓሉ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት መጣ። ገና ጫማውን ሳያወልቅ «ሰንጢዋ እንዴት ናት?» አለኝ።

«አጣላችኝ» አልኩት።

«ከማን ጋር?»

«ከራሴ ጋር።»

ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ተቀብሎኝ መጋጠሚያዋ ውስጥ የደረቀውን ደም በክብሪት እንጨት ጠርጎ፣ ዘይት ጠብ አድርጎባት ሰጠኝ፤ ከእጅ ወደ እጅ።

ከዚያ በኋላ በሰፈራችን ቅርጫ ወንድ ሴት ሳይባል ዕጣው ለሁሉም ይጣል ነበር። መደቦቹን የማስተካክለው እኔ ሆንኩ። ባርኔጣው ከመዞሩ በፊት ግን አስር አለቃው ሁልጊዜ ወደ እኔ ዞረው ይጠብቁኛል። እኔም ሰንጢዬን አጥፌ፣ ሁሉም እያየኝ መሬት ላይ አስቀምጣታለሁ፤ ከዚያ ነው ጎንበስ ብዬ የዕጣ እንጨት የምፈልገው።