የምድርን መዞር ያዳመጥኩበት ዓመት

ከነገሌ ቦረና ወጣ ብሎ፣ ድንጋያማ ኮረብታ ሥር ተቆፍሮ የተሠራ ምድር ቤት ነበረን። «ነበረን» አልኩ እንጂ የነበርኩት ብቻዬን ነው። የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ረዳት ነበርኩ፤ መምህሬ መሣሪያውን ተክለው ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ «አንቺ ጠብቂው» ብለውኝ ቀረሁ።

መሣሪያው የሌዘር ጋይሮስኮፕ ነው። በአራት መስታወቶች መካከል ሁለት የብርሃን ጨረሮች ቀለበት ሠርተው በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራሉ። መሬት ስትዞር አንዱ ከሌላው በጥቂቱ ይለያል፤ ከልዩነቱ የመሬት አዟዟር ይለካል። ነገሌ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች፣ ቀለበቱን ብናጋድመው መዞሯን እምብዛም አይለይም። ስለዚህ እንደ መስኮት አቁመን ከአለቱ ጋር አሰርነው። ልዩነቱን በድምፅ ማጉያ መስማትም ይቻላል፤ እንደ ንብ ቀፎ ነው።

ችግሩ ጠዋት ጠዋት ይመጣል። ልኬቱ ይረበሻል። ወጥቼ ሳይ ለካ ከብቶች ናቸው፤ ወደ ኩሬው የሚወስደው መንገዳቸው በአጠገባችን ያልፋል። የከብቶቹን ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ፣ ሄጄ ለመንኳቸው።

«አባባ፣ በሌላ በኩል ቢነዱልኝ?»

«ላሞቼ ምን በደሉሽ፣ ልጄ?»

«ኮቴያቸው መሬቷን ያንቀጠቅጣታል። እኔ ደግሞ ስትዞር እያዳመጥኳት ነው።»

አልሳቁብኝም። አብረውኝ ወርደው ጆሯቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጉ። ብዙ ቆዩ።

«ናጋ?» አሉኝ በመጨረሻ፤ ሰላም ናት ወይ ማለታቸው ነው።

«ሰላም ናት።»

«እንግዲያው አንረብሻትም።»

ከማግስቱ ጀምሮ ከብቶቹ በኮረብታው ማዶ ዞሩ። ልኬቱ ጠራ፤ መምህሬ በስልክ ደስታቸውን አልቻሉትም። ነገር ግን ከከብቶቹ ኋላ ጀሪካን ይዘው የሚመጡት ሴቶችም አብረው ቀሩ። «አካም» ብለው ሰላምታ ሰጥተውኝ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ትንሽ አውግተውኝ ነበር የሚያልፉት። እነሱን አላሰብኳቸውም ነበር።

ሳልናገር የምውልባቸው ቀናት በዙ። በገበያ ቀን ነገሌ ወርጄ ስኳር ስጠይቅ፣ ባለሱቋ ቀና ብላ «አሞሻል እንዴ? ድምፅሽ የለም እኮ» አለችኝ። አላመመኝም አልኳት። እሷ ግን አላምን ብላ ዝንጅብል ጨመረችልኝ። ያን ቀን ወደ ኮረብታዬ መመለስ በጣም ከበደኝ።

በኋላ በቀለበቱ ውስጥ ብርሃኑን የሚያመነጨው ጋዝ ደከመ። መምህሬም «ያገኘነው ይበቃል፣ አሽጊው» አሉኝ። ካሸግኩ በኋላ መንገዱ ነፃ መሆኑን ልነግራቸው ወደ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። በሩ በእሾህ ተዘግቷል።

«በአሬሮ በኩል ዘንቧል ተብሎ ሄዱ» አለችኝ ጎረቤታቸው።

«መቼ ይመለሳሉ?»

«እሱን ሳሩ ነው የሚያውቀው።»

መልእክቴን ነገርኳት። ይድረሳቸው አይድረሳቸው አላውቅም።

ሳጥኖቹን ሊወስድ የመጣው የጭነት መኪና ሾፌር ወሬ የሚወድ ሰው ነበር። እስከ አዶላ ድረስ ሲያወራ፣ ሲጠይቀኝ፣ ሲስቅ ሄደ። እኔ መልስ ለመስጠት ቃል ፈልጌ ባገኘሁ ጊዜ እሱ ወደ ሌላ ጨዋታ ተሻግሮ ነበር።