ወደ ጊዳ አያና ያልሄድኩበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት ነቀምቴ አንድ ሆቴል አርፌ የሻወሩን ሙቅ ውኃ ከፈትኩ። ቀዝቃዛ ነው። ጨመርኩት፤ አሁንም ቀዝቃዛ። እስከ መጨረሻው ስከፍተው ድንገት ትከሻዬን ለበለበኝ። በራሴ ሳቅኩ፤ ከዚያ ያ ክረምት ትዝ አለኝና ሳቁ ጠፋብኝ።

እዚሁ ነቀምቴ የማስተርስ ተማሪ ነበርኩ። በአካባቢው ግጭት ሲነሳ ጓደኞቼ ቀድመው ከከተማዋ ወጡ፤ እኔ ስዘገይ መንገዱ ተዘጋ። ቡርቃ ጃቶ በሚባለው ሰፈር፣ አማካሪዬ መምህርት ጫልቱ ግቢ ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ሰጠችኝ። በዕድሜ ብዙም አትበልጠኝም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይውላል፤ የተቀቀለ በቆሎ በጎመን እበላለሁ፤ እስከ አጥሩ ሄጄ እመለሳለሁ።

ሥራዬ ለውኃ ማሞቂያ መቆጣጠሪያ መንደፍ ነበር። ሙቀት መለኪያው ከረጅም የውኃ ጎማ ጫፍ ላይ ስለተሰካ ወሬው ዘግይቶ ይደርሳል። መቆጣጠሪያዬ ውኃው አልሞቀም ብሎ ኃይል ይጨምራል፤ ሲፈላ ያጠፋል፤ ሲበርድ ደግሞ ይደነግጣል። ማረፊያ የለውም።

"የላከው ሙቀት ገና መንገድ ላይ ነው" አለችኝ ጫልቱ። "የላከውን እንዲያስታውስ አድርገው። ደግሞ ቀስ ይበል።"

በዚሁ መሃል አንድ ጎረቤታችን ከትውልድ ቀዬዬ ከጊዳ አያና መጥቶ አፈላልጎ አገኘኝ። እዚያ ስልክ ከተቋረጠ ቆይቷል።

"ሰዉ ሁሉ ሲሸሽ አባትህ ቤቴን አልለቅም ብሎ ብቻውን ቀርቷል" አለኝ።

ቦርሳዬን አነሳሁ። ጫልቱ በሩ ላይ ቆመች።

"ኦቦ፣ አባቱን መቼ ነው ያዩት?" አለችው።

"ከወጣሁ ወር አልፎኛል። በየዘመዱ እያረፍኩ ነው የመጣሁት።"

ወደ እኔ ዞረች። "ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ የወር ወሬ ይዘህ ነው የምትሄደው? እስካሁን ወጥቶ ይሆናል። በየት እንደወጣ እስክንሰማ ጠብቅ።"

"ካልወጣስ?"

ከበሩ አልተነሳችም። ጮህኩባት፤ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ክፍሏ ጠበበችኝ። አንድ ቀን ከሰዓት የውኃው ሙቀት ካዘዝኩት ልክ ደርሶ ቀጥ አለ፤ ደስታ ግን አልነበረኝም።

ስልኬ የጮኸው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። አባቴ ዓባይን ተሻግሮ ቡሬ ገብቷል።

"የት ነህ?"

"ነቀምቴ።"

"አልተንቀሳቀስክም?"

"አልተንቀሳቀስኩም።"

አለቀሰ። "እኔን ፍለጋ ወጥተህ መንገድ በላህ ብዬ…"

ጎረቤታችን በወጣ በሳምንቱ እሱም ወጥቶ ኖሯል። ብሄድ የማገኘው ባዶ ቤት ነበር።

ባለፈው ሳምንት ጫልቱ ቤት ሻይ ስንጠጣ ለዓመታት የያዝኩትን ጠየቅኳት። "ባይወጣ ኖሮስ?"

"ዕድሜህን ሙሉ ትጠላኝ ነበር" አለች። "ይህን እያወቅኩ ነው የቆምኩት።"