ታንኮና አርባው በርሜል

በናይጄሪያዋ ካኖ ከተማ ዳር ባለው የሙጫ ፋብሪካ ታንኮን በስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆሻሻ ውሃ ኩሬውን ሲጠብቅ ስለኖረ ሠራተኞቹ «የግማቱ ሹም» ይሉታል። ምሳ ሰዓት ላይ ብቅ ሲል «ሹሙ መጡ፣ አፍንጫችሁን ያዙ» ብለው ይሳለቁበታል። እሱም «ያዙት፤ የናንተኑ ቆሻሻ ነው የተሸከምኩት» ብሎ አብሯቸው ይቀመጣል።

ሥራውን ያስተማረው አንድ ሽማግሌ መሐንዲስ ነበር፤ ከሞተ ቆይቷል። ከሙጫው ክፍል የሚወጣው ውሃ ፌኖል የሚባል መርዝ አለበት። መርዙን የሚበሉት ደግሞ በኩሬው ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ተዋሕስያን ናቸው። ሽማግሌው «አባትህ ከብት አርቢ አይደሉ? እነዚህም ከብት ናቸው» ብሎት ነበር። «በጥቂት በጥቂቱ ካበላሃቸው መርዙን ይለምዱታል። ባንዴ ከዘረገፍክባቸው ያልቃሉ።» ከዚያ ወዲህ ታንኮ ኩሬውን በዓይኑና በአፍንጫው አወቀው። ቡናማ ሆኖ ዝናብ የነካው አፈር ሲሸት ጤነኛ ነው። ነጭ አረፋ ከደፋ ታሟል፤ ያን ቀን የሚገባውን ውሃ ይቀንስለታል፣ አየር የሚነፋውንም ሞተር ያበረታለታል።

የበረሃው አቧራ በሚነፍስበት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሥራ አስኪያጁ አልሃጂ ሊማን አስጠሩት። መጋዘን ውስጥ የተበላሸ አርባ በርሜል ፌኖል ተገኝቷል፤ ሰኞ ደግሞ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ።

«ዛሬውኑ ወደ ኩሬው ይደፋ» አሉ አልሃጂ።

«አልሃጂ፣ በቀን አንዳንድ በርሜል እያቀጠንኩ ልስጣቸው። በአርባ ቀን ያልቃል።»

«ሰኞ ነው የሚመጡት እያልኩህ!»

«ይሞታሉ።»

«ማን ነው የሚሞተው?»

«ኩሬው ውስጥ ያሉት።»

አልሃጂ ሳቁ። «ለማይታይ ነገር ደግሞ ማን ለቅሶ ይደርሳል? ሂድ፣ ሥራህን ሥራ።»

በርሜሎቹ ተደፉ። ሐሙስ ጠዋት ኩሬው አመድ መስሎ፣ ዝቃጩ ተንሳፍፎ ተገኘ፤ ሽታው በመድኃኒት የታጠበ የሆስፒታል ወለል ሽታ ነበር። ታንኮ በጠርሙስ ቀድቶ ወደ ፀሐይ ይዞ ሲያየው ቆየ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያኖራቸው በሁለት ቀን አልቀዋል።

ፋብሪካው ግን ሥራ አላቆመምና ኩሬው እየሞላ ሄደ። ዓርብ ረፋድ ላይ አልሃጂ አፍንጫቸውን በመሐረብ ሸፍነው ራሳቸው መጡ። «ሰው ሁሉ ለጁምዓ ሲገባ ውሃውን ወደ ወንዙ የሚለቀውን መዝጊያ ክፈት። እስኪጎድል እዚሁ ቁም። አልከፍትም ካልክ የሚከፍት አላጣም።»

ታንኮ ከፈተ። ኋላ ይህን ሲያወራ አንድም ቀን «ተገድጄ» ብሎ አያውቅም። ብረቱን በገዛ እጁ አዞረው፤ ውሃው እያጓራ ሲወርድ፣ ከሩቅ የኢማሙ ስብከት እየተሰማው ቆመ። ኩሬው ሲጎድል እግሩ ወደ ቤት አልሄድ አለው። ባጃጅ ይዞ ወደ ታች፣ በወንዙ ውሃ ሽንኩርት ወደሚያለሙት መንደር ገሰገሰ። የሚስቱ ታላቅ እህት ላራባ የምትኖረው እዚያ ነው።

ሲደርስ የከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ተቃርቧል። ፓምፖቹ ውሃውን እየሳቡ መደብ ለመደብ ይለቁታል። ላራባ ከእርሻዋ ቀና አለች።

«ምን ሆነሃል? ያበደ ትመስላለህ።»

«ፓምፑን አጥፊ። ውሃው መርዝ ነው።»

«ማን ነገረህ?»

«እኔው ነኝ የለቀቅኩት።»

መኮትኮቻዋን ጣለች። ከዚያ ሄዳ ፓምፑን አጠፋችና ጎረቤቶቿን ተጣራች።

በዚያው ቅጽበት ማላም ሃቡ ለሶላት በውዱ ታጥበው ከወንዙ ይወጡ ነበር። ማላም ሃቡ የመንደሩ አዛን ባይ ናቸው፤ ሰባ አልፏቸዋል፣ ዓይናቸውንም ሞራ ጋርዶታል። በውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን አረፋ አላዩትም። ሽታውንም ከቁም ነገር አልቆጠሩት፤ ወንዙ መቼ ሳይሸት ያውቃል? ሦስት ጊዜ ተጉመጥምጠው ጥቂት ውጠዋል። «አፌን ለበለበኝ» አሉ ታንኮን ተደግፈው። ሲመሽ ምላሳቸው ቆስሎ አበጠ። ሆስፒታል ሰንብተው በሕይወት ተመለሱ፤ ከጉሮሯቸው የሚወጣው ግን ሹክሹክታ ብቻ ሆነ።

ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ወረደ። የላራባ ሁለት በጎች ሞቱ። ሽንኩርቱ ግን ምንም ያልነካው መስሎ አደገ፤ ገበያ ሲወጣ ነጋዴዎቹ አንዱን ገምሰው አሸተቱና «ይህ እኮ የመጸዳጃ ቤት መድኃኒት ነው» ብለው ጥለውት ሄዱ።

አልሃጂ ለተቆጣጣሪዎቹ «ውሃው ያመለጠው ጠባቂው ተኝቶ ነው» አሏቸው። ታንኮ ፖሊስ ጣቢያ ቀርቦ መዝጊያውን እንደከፈተና ማን እንዳዘዘው ተናገረ። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ብቻ ጻፈው። አሥራ አንድ ቀን ታስሮ ተፈታ፤ ከሥራም ተባረረ።

በአምስተኛው ወር የአልሃጂ ሾፌር የታንኮን በር አንኳክቶ «ወደ ሥራህ ተመለስ ብለዋል» አለው። በታንኮ ቦታ የተቀጠረው ሰው ኩሬውን ማስነሳት አልቻለም፤ ውሃው እንዲሁ ወደ ወንዙ እየወረደ ነው። ታንኮ መጀመሪያ ወደ መንደሩ ሄደ። ላራባ ማላም ሃቡን ልትጠይቅ መጥታ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ተመልሰህ እዚያው ቤት ልትገባ?» አለችው።

«እኔ ካልገባሁ የሚገባው ሰው ሥራውን አያውቀውም።»

«አንተስ እያወቅክ አይደል የከፈትከው?»

 ማላም ሃቡ የታንኮን እጅ ጎተቱና በጆሮው «ከብቶቻችን የሚጠጡት ከዚያ ወንዝ ነው። ሂድ» አሉት።

ሄደ። ከከተማው ቄራ የቆሻሻ ኩሬ ሕይወት ያለበትን ዝቃጭ በጀሪካን እያመላለሰ አፈሰሰ። ፌኖሉን መጀመሪያ በኩባያ፣ ቀጥሎ በባልዲ እየለካ አስለመዳቸው። ኩሬው ቡናማ እስኪሆን አራት ወር ፈጀበት። መዝጊያው በብየዳ ይታሸግ ብሎ ለመነ፤ አልሃጂ መቆለፊያ አስገጠሙለትና ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት።

አሁን ዓርብ ዓርብ ማላም ሃቡን እጃቸውን ይዞ ወደ መስጊድ ይወስዳቸዋል። አዛኑን ሌላ ሰው ይላል። ላራባ መሬቷን ለቃ በመንገዱ ዳር ከሰል ትሸጣለች፤ ሲያልፉ ለሽማግሌው ሰላምታ ትሰጣለች፣ ለታንኮ ግን አትሰጥም።