ዋስ ያጣው ዲፕሎማት

ያ እንግሊዛዊ ዲፕሎማት ቤታችንን ያስወጣው አንድ ሙክት ነው። ሙክቱ ለፋሲካ የተቀለበ ነበርና፣ ልጅ እያለሁ ሒሳቡን የያዝኩት በሆዴ ነው።

ዘመኑ ደርግ ነው። ሰውዬው ከመንደራችን በላይ ባለው የጓሳ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ ሊያይ ፈቃድ ይዞ መጣና የአባቴን ፈረስ ተከራየ። ያለን እሱ ብቻ ነው፤ ያለ እሱ ገብሳችን ዘመሮ ገበያ አይደርስም። አባቴ ሥራውን ጠየቀው።

"የተጣሉ መንግሥታትን ማነጋገር" አለ፣ በመጽሐፍ አማርኛው።

"ሽማግሌ ነኝ አትልም ታዲያ።"

"በደመወዝ።"

"ደመወዝ እየበላ የሚያስታርቅ ጠቡ እንዲያልቅ ይፈልጋል?"

ሰውዬው በእግሩ ቀበሮ ሲከተል ፈረሱን ለቀቀው፤ ፈረሱም የመንደሩ ሽማግሌዎች ከልለው የሚጠብቁት ሣር ውስጥ ገብቶ ጋጠ። መንግሥት የጓሳን ደንብ ሽሬዋለሁ ቢልም ለሽማግሌዎቹ የነገራቸው የለም። ፈረሱን ያዙት፤ አባቴንም አስጠሩት። በደንቡ ጥፋተኛው ፈረሱን በእጁ የያዘው ሰው ነው፤ እሱ ካላመነና ዋስ ካልጠራ ፈረሱ አይለቀቅም።

ሰውዬው ባለማኅተም መታወቂያ አወጣ። በዓለም ሕግ ዲፕሎማት አይከሰስም አለ። የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሽ ደምሴ ወረቀቱን ገልብጠው አዩት።

"ለማይከሰስ ሰው ማን ዋስ ይሆናል? ዋስ ከሌለ ፈረስ የለም።"

ሰውዬው አባቴን አየ፣ ፈረሱን አየ። መታወቂያውን ኪሱ ከተተና ድንጋይ አንሥቶ ትከሻው ላይ አደረገ። የይቅርታ ደንባችንን የት እንዳነበበው እንጃ።

"አጥፍቻለሁ" አለ። የመረጠው ድንጋይ ግን ለሁለት ሰው የሚበቃ ነበርና ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

"አውርዱለት፣ እዚሁ ሊሞትብን ነው" አሉ ጋሽ ደምሴ።

አባቴ ተነሣ። "ዋሱ እኔ ነኝ።"

ፈረሱ ተለቀቀ፤ ቅጣቱ አንድ ሙክት ሆነ። ሰውዬው ሙክት ሊገዛ የገበያ ቀን ሲጠብቅ መኪና መጥቶ ወሰደው፤ ሹመቱ ወደ ሌላ አገር ዞሯል ተባለ። ዋስ ከፈለ። የፋሲካ ዕለት ጾሙን በእንቁላል ፈታን። ጎረቤት ሲያሾፍበት አባቴ "ይመጣል" ይል ነበር።

ደርግ ወደቀ፣ እኔም ነጋዴ ሆንኩ። አንድ ቀን ሰውዬው ፀጉሩ ነጥቶ፣ በግ እየጎተተ ደጃችን ቆመ። አባቴ በጉን ዳበሰና ሳቀ።

"ዕድሜህን ሙሉ መንግሥታት አደራድረህ፣ የዘመሮ ደላላ ሙክት ነው ብሎ እንስት ሸጠልህ?"

"ጡረታ ወጥቻለሁ" አለ ሰውዬው። "አሁን መከሰስ እችላለሁ።"

ዛሬ ዱቤ የሚጠይቀኝ ሁሉ ባለማኅተም ወረቀት ያሳየኛል። አጥፌ እመልስለትና ዋሱን እጠይቃለሁ። ደግነቱ፣ እስካሁን ዋስ ይዞ የሚመጣ አልጠፋም።

አንድ ሙክት ወጣ፤ አንዲት ያረገዘች በግ ገባች።