ባሕሩ ማክሰኞ ጠዋት ይሸሻል

ባለፈው እሑድ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ውስጥ አንድ የክርስትና ድግስ ላይ አጠገቤ የተቀመጠች የማላውቃት ሴት ስሜን ጠየቀችኝ። ራሔል አልኳት። የማን ልጅ እንደሆንኩም ነገርኳት። ይሄኔ ፊቷ በራ። «አንቺ ነሽ እንዴ ዕቃ አላደርስም ያልሽው? ኋላ አልቅሰሽ፣ ይቅርታ ጠይቀሽ የወሰድሽው?» አለችና ክንዴን መታ መታ አደረገችው። ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም። እኔም እንደ ልማዴ ፈገግ ብዬ ወደ ሰሐኔ አቀረቀርኩ። ሰው በተሰበሰበበት አፌ ቶሎ አይፈታም፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሆኖኝም አልተሻለኝም። መኪናዬ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ግን ንዴቴ መጣ። አላለቀስኩም። አልወሰድኩምም።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ አንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራ አግኝቼ ነበር፤ ሥራው እስኪጀምር አሥር ቀን ነበረኝ። እነዚያን አሥር ቀናት ከመስከረም ጀምሮ ነበር የማውቃቸው፤ አንድ በአንድ፣ በሰዓታቸው።

ባሕር የሌለበት አገር ተወልጄ ባሕር የሌለበት ስቴት፣ ኮሎራዶ፣ ያደግኩ ነኝ። ዴንቨር ውስጥ ካሜራ የያዘ ሰው ሁሉ ተራራ ያነሳል፤ እኔም አነሳሁ፤ ተራራ ደግሞ ሁልጊዜ እዚያው ነው። አንድ የፎቶግራፍ አስተማሪያችን የኦሪገንን ባሕር ዳርቻ ሲያሳየን ነው ልቤ የሄደው። ውሃው ወደ ኋላ ሲሸሽ ከሥሩ የወጡት ጥቋቁር ቋጥኞች፣ እርጥቡ አሸዋ ሰማዩን ገልብጦ ይዞ። በማግስቱ ከከተማው ዳር ወዳለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሄጄ ለመለማመድ ሞከርኩ። ውሃው ግን የትም አይሄድም። ዳክዬዎቹ እንኳ እንደ ደመወዝተኛ እዚያው ናቸው።

ጥንቁቅ ሰው ነኝ። ስለዚህ ደብተር ገዛሁና አሰመርኩ። ፀሐይ የምትወጣበት ሰዓት፣ ባሕሩ በየቀኑ የሚሸሽበትና የሚመለስበት ሰዓት፣ ማይሉ፣ ቤንዚን የምሞላበት ከተማ፣ የማድርበት ቦታ። እሑድ ጎሕ ሲቀድ ተነስቼ ዋዮሚንግን አቋርጬ አይዳሆ ማደር፤ ሰኞ በፖርትላንድ አልፌ ባሕሩ ዳር መድረስ፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ሦስት ጠዋት እዚያ መቆየት፤ ከዚያ የባሕሩን መንገድ ይዤ እስከ ሰሜን ካሊፎርኒያ መውረድ። ሦስቱ ጠዋቶች የሁሉም ነገር እምብርት ነበሩ። ባሕሩ በበጋው ውስጥ እጅግ ርቆ የሚሸሸው፣ ለዚያውም ብርሃኑ ገና ለስላሳ ሳለ፣ በእነዚያ ጠዋቶች ነበር። ቀጥሎ እንዲያ የሚሆነው ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ነው።

አባቴ ዳውንታውን ዴንቨር አንድ የመኪና ማቆሚያ ፎቅ ውስጥ ይሠራ ነበር። በዕረፍቱ ቀን የመጨረሻው ፎቅ ላይ ወስዶኝ ጎማ መቀየር አስተማረኝ። ሦስት ጊዜ አስፈታኝ፣ ሦስት ጊዜ አስገጠመኝ፤ ለምን እንደምሄድ አንድም ቀን አልጠየቀኝም። እናቴ ግን እሺም እምቢም ሳትል ሳምንታት አለፉ። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ትሠራለች፤ ደክሟት ነው ብዬ ተውኩት። አንድ ቀን ወደ ቤት ስገባ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። «ራሔል ኦሪገንና ካሊፎርኒያ ያሉትን ዘመዶች ልትጠይቅልኝ ነው፤ ድራይቭ አድርጋ» እያለች ነበር። በኩራት ነው የምትናገረው።

ገባኝ። ልጇ ብቻዋን ድንጋይ ፎቶ ልታነሳ ሄደች ማለት አልቻለችም። ዘመድ ልትጠይቅ ሄደች ማለት ግን ይቻላል፤ ያስመሰግናልም። እኔም ዝም አልኩ፤ ጥፋቱ የኔም ነው። እየቆየ ግን የእናቴ ካርታ የኔን ካርታ ይበላው ጀመር። ቦይሲ ውስጥ የአባቴ የአክስት ልጅ አለ። ፖርትላንድ አስካለ የምትባል የእናቴ ወዳጅ እህት አለች። ሳክራሜንቶ ሁለት ቤት፣ ኦክላንድ አራት። አንዳቸውም ባሕር ዳር አይኖሩም። እናቴ በጣቷ ስትቆጥር መንገዴ ከባሕሩ እየራቀ፣ ወደ ውስጥ እየገባ፣ ከምሳ ወደ እራት የሚሄድ መንገድ ሆነ።

ከዚያ በመንገዴ ለየዘመዱ እንዳደርሰው ዕቃ መምጣት ጀመረ። እንዲህ ያለው ነገር እኛ ዘንድ እንዴት እንደሚወራ እግዜር ይወቀው። ቅዳሜ ከሊትልተን አንድ ሰው ድርቆሽ ይዞ መጣ። የሕፃን ልብስ፣ ሽሮ፣ በመስተዋት የተገጠመ የማርያም ሥዕል፣ ለአንዲት ነፍሰ ጡር የአጃ ዱቄት፣ አንድ ሙሉ ሻንጣ ልብስ። ፒዮሪያ ስትሪት ላይ የነበረው ጠባቡ አፓርታማችን በርበሬ በርበሬ ሸተተ። ዕቃውን ወርጄ መኪናው ውስጥ ስደረድር ባለ ሦስት እግሩ የካሜራ ማቆሚያዬ፣ ትራይፖዴ፣ ወንበሩ ላይ አልተኛ አለ። አንድ እግሩን በመስኮት ላወጣው ሞከርኩ፤ ያን ጊዜ ነው በራሴ ላይ የሳቅኩት። ዕቃው መኪናው ውስጥ ቀርቶ ትራይፖዱን ብቻ ይዤ ደረጃውን ወጣሁ።

በማግስቱ እሑድ፣ ለመሄድ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ፣ ከቅዳሴ በኋላ ቤታችን ሰው መጣ። የሰኔ ጾም ነበር፤ እናቴ ሱፍ ፍትፍትና ጎመን አቅርባለች። ውጭ በረዶ መዝነብ ጀምሮ የመኪና ጣራዎችን ይቀጠቅጣል፤ ወንዶቹ በየተራ ወደ መስኮቱ እየሄዱ መኪናቸውን ያያሉ። እትዬ ወይንሸት ከእናቴ ጋር በስደት ናይሮቢ አንድ ክፍል የኖሩ ሴት ናቸው፤ አስካለ የእሳቸው ታናሽ እህት ናት። ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ አውሮፕላን ላይ መቀመጥ አይችሉም፤ ለስድስት ዓመት አልተያዩም። በሁለት ፌስታል የተጠቀለለ በርበሬና አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጠላ አምጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ቀድመሽ ደውዪላት» አሉኝ። «ከሥራ ትቀራለች።»

ከሥራ ትቀራለች የሚለው ቃል ነው ያነቃኝ። አንዲት ሴት ለኔ ብላ ከሥራ ልትቀር ነው፤ እኔ ደግሞ ሐሳቤ ሁሉ ሌላ ቦታ ነው። እዚያ ቤት በልቼ፣ አድሬ፣ ሰዓቴን እያየሁ ልዋሽ ነው።

«እትዬ፣ አልሄድም» አልኩ።

«የት?»

«አስካለ ቤት። ማንም ቤት አልሄድም። የምሄደው ዘመድ ልጠይቅ አይደለም፤ ባሕር ፎቶ ላነሳ ነው።»

ድምፄ ቀጭን ነበር፤ ቢሆንም ሁሉም ሰማ። እናቴ ጭልፋውን እንደያዘች ቆመች። ጋሽ ተፈራ የሚባሉ ታክሲ የሚነዱ ጎረቤታችን ከመስኮቱ ሳይዞሩ፣ «ባሕር ውስጥ ምን አለ?» ብለው ጠየቁኝ። ድንጋይ፣ አልኳቸው። «ኮሎራዶ ድንጋይ አልቆ ነው?» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ወይንሸት ግን አልሳቁም።

«ባሕሩ የት ይሄድብሻል፣ የኔ ልጅ? እህቴ ናት የምታረጅብኝ።»

«ይሄዳል፣ እትዬ። ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ይሸሻል። እንደዚያ የሚርቀው ሦስት ጠዋት ብቻ ነው። ፖርትላንድ ካደርኩ አልደርስበትም።»

«አትደሪ። ፓርክ አድርገሽ፣ አስረክበሽ፣ ትሄጃለሽ።»

«አስካለ ከሥራ ቀርታ፣ በር ላይ ተቀብላ ትሸኘኛለች?»

ከሴቶቹ አንዷ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። እዚያ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እንደማይሆን ያውቃል። በነጋታው በፖስታ እንደምልከው ነገርኳቸው። 

«ፖስታው ፊቷን አይቶ አይነግረኝም» አሉ እትዬ ወይንሸት።

  ያም ሆኖ ዕቃውን ከጭኔ አንስቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

እንግዶቹ ሲወጡ እናቴ መኝታ ቤቴ ድረስ ተከትላኝ መጣች። አዋረድሽኝ አለችኝ። ያሳደገችኝ እንዲህ እንድሆን እንዳልነበር፣ እትዬ ወይንሸት ናይሮቢ ውስጥ ወባ ሲይዛት እንዳስታመሟት፣ ሁሉንም አነሳች። ልክ ነበረች። «ሰው ብቻዋን ሄደች ይበል?» ብላ ስትጨርስ ግን፣ «ብቻዬን ነዋ የምሄደው» አልኳት። እስክሄድ ድረስ ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም።

ዕቃዎቹን ራሴ ልመልስ ወሰንኩ። ለደፋር ሰው ቀላል ነው፤ እኔ በየበሩ ደወሉን ከመንካቴ በፊት የምናገረውን ሁለት ሦስቴ ለራሴ እደግመው ነበር። ይቅርታ፣ ማድረስ አልችልም፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። የሥዕሏ ባለቤት ተቆጡኝ። የነፍሰ ጡሯ እናት ዱቄቱን ተቀብለው በሩን ዘጉ። የቀሩት ግን አስገቡኝ። ሊትልተን ያለው ሰውዬ ድርቆሹን ተቀብሎ፣ አንተዋወቅም እንዴ ብሎ፣ ሚስቱ ምስር እስክታሞቅ አስቀመጠኝ፤ ከዚያ ፍራፍሬ፣ ከዚያ የልጆቹ ፎቶ። ስድስት ዕቃ ለመመለስ ሁለት ቀን ሙሉ ፈጀብኝ። እምቢ ልል ሄጄ እንኳ ከሰው ቤት መውጣት አልቻልኩም። በደብተሬ ላይ ይህንንም ጻፍኩት፤ በር ላይ አስረክቦ መሄድ እንደማይቻል ማስረጃ ነበር።

እሑድ ጠዋት አባቴ የጎማውን አየር ለካ፤ ተጠባባቂውንም ለካ። እናቴ አልወረደችም። የኋላ ወንበሩ ላይ ቆሎ የሞላ ማሰሮ አገኘሁ፤ ማን እንዳስቀመጠው አልጠየቅኩም። ዋዮሚንግ ውስጥ ነፋሱ መኪናዬን እንደ ወረቀት ይገፋት ነበር፤ መንገዱ ዳር ያለው ቁጥቋጦ መራራ፣ ጦስኝ የሚመስል ሽታ አለው። ሰኞ ከሰዓት ፖርትላንድ ደረስኩ። ወደ አስካለ ሰፈር የሚወስደውን መውጫ አውቀዋለሁ፤ አጥንቼው ነበር። እጄ ፍሬቻውን ነካው። አላበራሁትም። መውጫው አለፈ፣ ድልድዩም አለፈ፣ ጥዶቹ መጡ።

ማክሰኞ ጠዋት ባሕሩ ባለው ሰዓት ሸሸ። አየሩ ይበርዳል፤ ጨው ከንፈሬ ላይ ነበር። ያ ሁሉ ውሃ ያለ ኮሽታ ወደ ኋላ ሄዶ ቋጥኞቹ በሐምራዊና በብርቱካናማ ኮከብ ዓሣዎች ተሸፍነው ወጡ፤ ይህን ማንም አልነገረኝም፣ ደብተሬም ውስጥ አልነበረም። ካሜራዬን ሳላነሳ ብዙ ደቂቃ አባከንኩ። ከዚያ ትራይፖዱን አሸዋው ላይ ተከልኩና ሥራዬን ጀመርኩ።

በቀጣዩ ዓመት በገና ሰሞን ፖርትላንድ በአውሮፕላን ሄድኩ፤ አራት ቀን አስካለ ቤት ሰነበትኩ። ካሜራ አልያዝኩም። የምትበላውን በላሁ፣ ፊቷን በደንብ አየሁ፣ መጥቼ ለእትዬ ወይንሸት ሽበቷን ሳይቀር ነገርኳቸው። ለሰው ስሄድ ለሰው ነው የምሄደው። ይህንን ጨምሮ የሚያወራ ሰው ግን አልገጠመኝም፤ እንባው ይበልጥ ይጣፍጣል መሰለኝ።

እንባው ከየት እንደመጣ ለማወቅ ከድግሱ ማግስት እናቴ ጋ ደወልኩ። አልካደችም። «እና ምን ልበል?» አለችኝ። «ልጄ ልበ ደንዳና ናት ልበል?»

«እምቢ አለች በይ።»

ወሬውን ለወጠችው። ስለ ሌላ ነገር አውርተን ስልኩን ዘጋን።

እኛ ዘንድ አንዲት ሴት መንገድ ከጀመረች ወደ አንድ ሰው እየሄደች መሆን አለበት፤ ወደ ታመመ፣ ወደ ወለደች፣ ወደ ለቅሶ ቤት። ከዚያ ወዲህ ወደ ሁሉም ሄጃለሁ፤ ነገም ከጠሩኝ እሄዳለሁ። ያን ማክሰኞ ጠዋት ግን ማንም የማይጠብቀኝ ቦታ ደረስኩ፤ የማንም ምሳ አልቀዘቀዘብኝም። የደረስኩት ሰው አሳዝኜ ነው። ያንን በእንባ አላሳምረውም።